ቆይ ግን፣ አንተ ትወደዋለህ?

አንዲት ጓደኛዬ «ስፖርት የምትሠራበትን ፕሮግራም ላክልኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው ቦርጫችንን ትቶ ፕሮግራማችንን ሲጠይቀን የማንኮራ ስንቶቻችን ነን? ቁጭ ብዬ በደንብ ጻፍኩላት። ማሟሟቂያ፣ 20 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ፑሽ አፕ በሦስት ዙር፣ ስኳት (ቁጭ ብድግ) በሦስት ዙር፣ ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ገመድ ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ ሰውነት ማፍታታት። በየዙሩ መሀል ስንት ሰከንድ እንደሚታረፍ ሳይቀር አስቀመጥኩላት። ሲያዩት ያምራል። አሰልጣኝ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ሰነባብታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ገና ከስፖርቱ አልወጣችም መሰለኝ፣ ታለከልካለች። «ሁሉንም ሠርቼዋለሁ፤ አንድም አልዘለልኩም። ሰውነቴ ደህና ነው። ግን ጠላሁት። ነገ ስፖርት አለ ብዬ ሳስብ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይደብረኛል።» ትንሽ ትንፋሽ ወሰደችና ጨመረች። «ቆይ ግን፣ አንተ ትወደዋለህ?»

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ጣቴ ቆመ። አጠፋሁት።

ከዚያ የራሴን ዝርዝር የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደማነብ ሆኜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሶምሶማውን እወደዋለሁ? ካለቀ በኋላ፣ አዎ። ፑሽ አፕ? ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኛል፤ ፑሽ አፑ ራሱ ግን ምንም አይመስለኝም። ስኳትም እንዲያው ነው። ፕላንክ? ፕላንክን ከልቡ የሚወድ ሰው ካለ ባስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል። ገመዱ ጋ ስደርስ ፈገግ አልኩ። እሱን እወደዋለሁ። ወዲያው ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ ኳስ ይዤ ከግድግዳ ጋር እጫወታለሁ። ብቻዬን። እመታታለሁ፣ ትመለሳለች፣ በግራ እግሬ እመልሳታለሁ፣ መሬት ሳትነካ ደጋግሜ ከመለስኳት ጎል ብዬ እቆጥራለሁ፤ ከማን ጋር እንደምጋጠም ግን እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ከሶምሶማው የበለጠ ላብ የሚያወጣኝ እሱ ነው። ጭራሽ ስፖርት ለመሥራት ስንፍና በያዘኝ ቀን ከቤት የሚያስወጣኝም እሱ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ለምን እንደምወጣ ውስጤ ያውቀዋል። ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። ለመደበቅ አስቤም አይደለም። በቃ፣ ፕሮግራም ሲባል እንደዚያ ያለ ነገር አይጻፍም።

ይሄ ነገር ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። እሷ የጠየቀችኝ ምን እያደረግኩ እንደምዘልቅ ነው። እኔ የላክሁላት የሚያዘልቀኝ ነገር ተቆርጦ የወጣለትን ነው።

በወረቀት የማይላከው

ታባታ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ ስምንት ዙር፣ በቃ 4 ደቂቃ። ቪዲዮው በየስልኩ አለ። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ ሲሆን ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያ ጥናት የተሠራው በብስክሌት ማሽን ላይ ነበር። ተሳታፊዎቹ ስፖርት የለመዱ ወጣቶች ነበሩ። ጫናውም ሰባተኛው ስምንተኛው ዙር ላይ እግር እምቢ እስኪል ድረስ የከበደ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር ወደ እኛ የደረሰው ሰዓት ቆጣሪው ነው። ሰከንድ ለመኮረጅ ይመቻል፤ ጫና ግን አይመችም።

የእኔ «20 ደቂቃ ሶምሶማ»ም ያው ነው። ፓንቴሌሞን ኤኬካኪስ የሚባል ተመራማሪ ሰዎች ስፖርት እየሠሩ ባሉበት ሰዓት ምን እንደሚሰማቸው ለዓመታት ሲያጠና ኖሯል። ካለቀ በኋላ ያለውን ብቻ ሳይሆን መሀሉን ማለት ነው። ያገኘው ነገር ለእኔ ብዙ ነገር ፈታልኝ። ጫናው እየጨመረ ሲሄድ ትንፋሽ ድንገት መፍጠን የሚጀምርበት አንድ ወሰን አለ። ከወሰኑ በታች እስካለን ድረስ አብዛኞቻችን ደህና ነን፤ ደስ የሚለንም ብዙ ነው። ወሰኑን ስናልፍ የሁሉም ሰው ስሜት ማለት ይቻላል ወደ ታች ይወርዳል። ልክ ስናቆም ደግሞ ስሜታችን ብድግ ይላል። «ካለቀ በኋላ እወደዋለሁ» ያልኩት ነገር እንግዲህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ወሰኑ ያለበት ቦታ ነው። ለብዙ ጊዜ ሲሮጥ የኖረ ሰው ጥሩ ፍጥነት ይዞ እየሮጠም ከወሰኑ በታች ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየ ሰው ግን ፈጠን ብሎ በመራመድ ብቻ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እኔና እሷ አንድ ዓይነት 20 ደቂቃ ሮጠን አንድ ዓይነት ስፖርት አልሠራንም። እኔ እያሰብኩ፣ እያቀድኩ፣ አንዳንዴም እያንጎራጎርኩ እሮጣለሁ። እሷን «እየሮጥሽ ማውራት ትችያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማውራት? ያን ሰዓት ስሜን ብትጠይቀኝም አልነግርህም» አለች።

ይቺ የማውራት ነገር በነገራችን ላይ ቀልድ አይደለችም፣ ባለሙያዎችም ይጠቀሙባታል። ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛ ጫና ላይ ናችሁ። ጥቂት ቃላት ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ካቆማችሁ ከባዱ ውስጥ ገብታችኋል። የእጅ ሰዓትም የደረት ቀበቶም አያስፈልግም።

ሰውነታችንም ቢሆን ለአንድ ፕሮግራም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። በነ ክሎድ ቡሻር የተመራው ሄሪቴጅ የሚባል ጥናት ስፖርት የማይሠሩ ብዙ ሰዎችን ለ20 ሳምንታት ተመሳሳይ የብስክሌት ልምምድ አሠርቷቸው ነበር። ጫናው እንኳ ለእያንዳንዱ ሰው አቅም ተመጥኖ ነው። ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀመው የሚችለው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨመረ። አንዳንዱ ግን ምንም ያህል አልጨመረም፤ አንዳንዱ ደግሞ ወደ አንድ ሊትር ጨመረ። እንግዲህ ጎረቤቱ በአንድ ፕሮግራም ተለውጦ እሱ ባለበት የቀረ ሰው «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይሄንንም ይነካል።

ስናወራ የምንዘለው

ከዚያ በኋላ ሰዎችን የምጠይቅበትን መንገድ ቀየርኩ። «ምን ትሠራለህ?» ማለት ትቼ «የትኛውን ነው የምትወደው?» ማለት ጀመርኩ። መልሱ ሌላ ነው። ፊቱም ሌላ ነው። ጂም ስለሚያነሳው ክብደት ብቻ ሲያወራኝ የኖረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በር ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቶ እንደሚደንስ በሹክሹክታ ነገረኝ። አንዷ ልጇን አዝላ ደረጃ መውጣት ትወዳለች፤ ልጁ «እንደገና!» ሲላት እምቢ ማለት አትችልም። ሁሉም ግን ነግረውኝ ሲያበቁ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ «ስፖርት እንኳን አይባልም።»

ለምን አይባልም? ላብ አለው። ልብ ይመታል። እግር ይዝላል። የጎደለው ስቃዩ ነው። ብዙዎቻችን ስፖርትን እንደ ኮሶ ነው የምናስበው፤ ካልመረረ የሚሠራ አይመስለንም። ለሌላ ሰው ስንናገርም የመረረውን መርጠን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳታችንን እንናገራለን። ስንት ዙር እንደሠራን እንናገራለን። መሀል ላይ እንደ ሕፃን የቦረቅንበትን ደቂቃ ግን እንዘለዋለን።

የመሮጫ ማሽን ታሪክ እዚህ ጋ ሳልጠቅሰው ባልፍ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊሊያም ኩቢት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እስረኞች ለሰዓታት የሚረግጡት ትልቅ ባለደረጃ መንኮራኩር ሠራ። እየረገጡ ይወጣሉ፣ የትም አይደርሱም። ቅጣት ነበር፤ በኋላም በጭካኔው ተተወ። የዛሬው ማሽን ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። በእሱ ላይ እየሮጠ ፊልም የሚያይ፣ ከልቡ የሚወደው ሰውም አውቃለሁ። እኔ ግን ስወጣበት ስለ እነዚያ እስረኞች ሳላስብ ወርጄ አላውቅም።

ስፖርት ልብን እንደሚጠብቅ ካሳዩት የመጀመሪያ ትልልቅ ጥናቶች አንዱን ብታዩት ደግሞ ውስጡ አንድም ፕሮግራም የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጸሩ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። በልብ ሕመም የሚያዙት ትኬት ቆራጮች ከሹፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ዙር የቆጠረላቸው ሰው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሠራት አለበት የሚለውን የድሮ ሐሳብ አንስቶታል። ለአዋቂ ሰው የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባዱን። ሶምሶማ ይሁን ዳንስ ይሁን ምርጫው የእናንተ ነው።

ታዲያ መውደድ እውነት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ1997 ሪቻርድ ራያንና ባልደረቦቹ ቴኳንዶ የሚማሩና ኤሮቢክስ የሚሠሩ ሰዎችን አወዳድረው ነበር። ኤሮቢክሶቹ በይበልጥ የመጡት ለሰውነታቸው ቅርጽ ነበር። ቴኳንዶዎቹ ጨዋታውንና ችሎታውን ብለው። የዘለቁት ቴኳንዶዎቹ ናቸው። ኤሮቢክስ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለኤሮቢክስ የሚያብድ ሰው ሞልቷል። መስታወት ብቻ እያዩ የሚሠሩት ስፖርት ግን መስታወቱ መልስ ሲያዘገይ ይሰለቻል። ያዘገያል ደግሞ።

ደስ ስላለኝ ብቻ?

አሁን አንዱ «በቃ፣ ደስ ያለኝን ልሥራ ማለት ነዋ!» እንደሚል አውቃለሁ። ቀስ። ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ነገር ሥሩ ይላል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድም ይጨምርበታል። ኳስና ግድግዳ ይሄን አይሞሉልኝም። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳል፤ እኔ ፕላንክን ብወደውም ብጠላውም እሱ ግድ የለውም። ስለዚህ ፕላንኩ ዝርዝሬ ላይ አለ። ስሠራው እነጫነጫለሁ። ይሠራል።

ስቃዩን ራሱ የሚወዱም አሉ። ዳገት ላይ ሳንባቸው ሲቃጠል ዓይናቸው የሚበራ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም፤ ግን ውሸታቸውን ነው አልልም። የእነሱ ጨዋታ እሱ ነው።

የማንወደውን የምንሠራበት ቅደም ተከተል ግን ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤኬካኪስ ያለበት አንድ ቡድን ሰዎችን 15 ደቂቃ ብስክሌት አስነዳ። ግማሾቹ ከቀላል ጀምረው እየከበደባቸው ሄዱ። ግማሾቹ ከከባዱ ጀምረው እየቀለለላቸው ጨረሱ። ጠቅላላ ሥራው ተመሳሳይ ነው። እየቀለለላቸው የጨረሱት ግን በኋላ ሲያስታውሱት የበለጠ ደስ የሚል ሆኖ አገኙት፤ ድጋሚ ብሠራው ደስ ይለኛል ያሉትም እነሱ ናቸው። ይህን ሳነብ የግድግዳዬ ኳስ ለምን መጨረሻ ላይ እንደሆነች ገባኝ። ሳላስበው ጣፋጩን ወደ ኋላ አስቀምጬዋለሁ። ለጓደኛዬ የላክሁት ዝርዝር ውስጥ ግን፣ ማፍታታቱን ካልቆጠርነው፣ ከባዱ ገመድ ነው መዝጊያው። ገመድ ለእኔ ጨዋታ ነው፤ ለእሷ የመጨረሻው በትር ነበር። (ሰውነታችሁን ሳታሟሙቁ ከከባዱ ጀምሩ እያልኩ አይደለም፤ ጉልበታችሁ በኋላ እኔን እንዳይከሰኝ።)

ስለ መልመድ የሚወራውም ነገር ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል። «21 ቀን ታገስ፣ ከዚያ በራሱ ይሄዳል» ሲባል ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የፊሊፓ ላሊና የባልደረቦቿ የለንደን ጥናት ያገኘው አማካይ 66 ቀን ነው። ልዩነቱ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ስፖርት ውኃ እንደመጠጣት ካሉ ቀላል ልማዶች የበለጠ ጊዜ ወስዷል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላበላሸውም። ይህን ያህል ጊዜ የሚጠሉትን ነገር ይዞ መቆየት ከባድ ነው። አብዛኛው ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ሰኞ ይጀምራል፤ ጫማው፣ ጂሙ፣ ሶምሶማው፣ ክብደቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጫማው አልጋ ሥር ይገባል።

ተጋጣሚ ፍለጋ

ለጓደኛዬ በመጨረሻ የመለስኩላት «ግማሹን አልወደውም» ብዬ ነው። ሳቀች። ከዚያ ሌላ ፕሮግራም ከመላክ ይልቅ መጠየቅ ጀመርኩ። ልጅ ሆነሽ እስኪመሽ ድረስ ምን ትጫወቺ ነበር? ሰው ሲያይሽ ትሠሪያለሽ ወይስ ትሸማቀቂያለሽ? መቁጠር ደስ ይልሻል? ብቻሽን መሆን ያሳርፍሻል ወይስ ያሰለችሻል?

መቁጠር እንደምትጠላ ወዲያው ነገረችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ከቁጥር ጋር ነው። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቷን ታያለች። ስለ ልጅነቷ ስጠይቃት ግን ቆየች። «ጨዋታው ምንም ይሁን ምን፣ ማሸነፍ ነበር የምወደው» አለች። «ወንድሞቼን ማሸነፍ።» እኔ የላክሁላት ዝርዝር ውስጥ የሚሸነፍ ሰው የለም። ከማን ጋር ነው ፕላንክ ላይ የምትፎካከረው? ከወለሉ ጋር?

ዋና ሞከረች፤ ፀጉሩ አስቸገረኝ ብላ ተወችው። ዳንስ ሞከረች፤ መስታወቱን ጠላችው። ከዚያ አንድ ሰው ፒንግ ፖንግ ይዟት ሄደ። አሁን እዚያ ናት። ላቧ እስኪንጠባጠብ ትጫወታለች፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ብትጠይቋት አታውቅም። ስትሸነፍ ደግሞ በጣም ትናደዳለች። መናደዷ ራሱ ነው በሚቀጥለው ቀን የሚመልሳት።

እኔንም ይዛኝ ሄዳ ነበር። አልተመቸኝም። አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ነጥብ ሲቆጥርብኝ አእምሮዬ አያርፍም፤ እኔ ስፖርት የምወጣው ከሰው ለማረፍ ነው። ነገርኳት። «እንግዲህ ግድግዳህን ፈልግ» አለችኝና ሌላ ተጫዋች ጠራች።

የቀረን የጡንቻው ነገር ነው። ስኳትና ፑሽ አፕ አሁንም አትወድም፤ ፒንግ ፖንግ ደግሞ ያን ያህል ጡንቻ አያመጣም። እስካሁን ያገኘነው መላ በውርርድ መሥራት ነው፤ በየጨዋታው የተሸነፈው ሰው ስኳት ይሠራል፣ ያሸነፈው ይቆጥርለታል። ችግሩ፣ እየጎበዘች ስትሄድ የምትሠራው ስኳት እያነሰ ነው። የተሻለ መላ ያለው ሰው ይንገረን።